«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የተባለለት የሂውስተኑ እንደራሴ፣ ሚኪ ሌላንድ

መቅደላ ማዶ
(የታረመ፦ ስለ አውሮፕላኑ የጻፍኩትን ባሮ ዳር ባሳሰበኝ መሠረት አስተካክዬዋለሁ)

ትናንት በሌላ ክር ስለ ውጭ እርዳታ ስንከራከር አንድ ወንድማችን «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ብሎ ነገሩን ዘጋው። የገዛ አገሩ ድሃ ሳይጠግብ ስለ ሩቅ አገር ረሃብ መንግሥትን የሚወተውት የምክር ቤት አባል ለታይታ ነው የሚሮጠው አለ። መልስ ልሰጠው ጀምሬ ስለረዘመብኝ ለብቻው ከፈትኩት። ስለ ሚኪ ሌላንድ ነው። ስሙን የሰማን ብንኖር የምናውቀው አሟሟቱን ነው እንጂ ሥራውን አይደለም። (የአሜሪካን ጉዳይ ሳነሳ ዓመቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የእኛን ሳነሳ በዓ.ም እጽፋለሁ።)

ሌላንድ በ1944 ቴክሳስ ውስጥ ለበክ በምትባል ከተማ ተወለደ። ያደገው ግን ሂውስተን፣ ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው የድሃ ጥቁሮች ሰፈር ነው፤ አባት ትቷቸው ሄዶ እናቱ ናቸው ያሳደጉት። ፋርማሲ ተማረ፤ በዚያው ሰፈር ከቤት ቤት እየዞረ ሰዎች ስለ ጤናቸው እንዲያስቡ ይቀሰቅስ ነበር። በ1972 ለቴክሳስ ምክር ቤት፣ በ1978 ደግሞ ባርባራ ጆርዳን በለቀቀችው ወንበር ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመረጠ። ይህን የምዘረዝረው ድህነትን በወሬ ያወቀ ሰው እንዳልነበረ እንድታዩልኝ ነው።

አሁን ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። በ1983 መጨረሻ የፕሬዚዳንት ሬገን የቅርብ አማካሪ የነበረው ኤድዊን ሚስ፣ ሰዎች ነጻ ምግብ ወደሚታደልባቸው ቤቶች የሚሄዱት ምግቡ ነጻ ስለሆነ ነው፣ የተራቡ ልጆች ስለመኖራቸውም የሚታመን አሃዝ አላየሁም አለ። ከሳምንታት በኋላ ፕሬዚዳንቱ ያቋቋሙት ግብረ ኃይል ረሃብ ተስፋፍቷል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ ሪፖርት አቀረበ። ይህ ሁሉ በ1981 የፉድ ስታምፕ (የአሜሪካ መንግሥት ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጠው የምግብ መግዣ ድጎማ) በጀት ከተቆረጠ በኋላ ነው። እኛ ጋ ደግሞ በመጋቢት 1976 ዓ.ም የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽነሩ ዳዊት ወልደጊዮርጊስ ለጋሽ አገሮችን እየተማጸነ፣ ደርግ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል አዲስ አበባን ያስጌጥ ነበር። ሕዝቡ በገዛ አገሩ ስንት ሰው እየረገፈ እንደሆነ ከመንግሥቱ ሬዲዮ አልሰማም። አንዱ ካፒታሊስት ሌላው ማርክሲስት ሆነው ስለ ረሃብ ሲጠየቁ ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ።

ሌላንድ ከኒውዮርኩ ሪፐብሊካን ከቤንጃሚን ጊልማን ጋር ሆኖ የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ እንዲቋቋም የወተወተው በዚህ ጊዜ ነው። ኮሚቴው በ1984 መጀመሪያ ጸደቀ፤ ሊቀመንበሩም እሱ ሆነ። በወሎ የኮረም የረሃብተኞች መጠለያ ምስል በቢቢሲ ዓለምን ያስደነገጠው በጥቅምት 1977 ዓ.ም ነው፤ ኮሚቴው ከተቋቋመ ስምንት ወር ያህል ቆይቶ። ካሜራ ተከትሎ አልሮጠም ማለቴ ነው። የኮሚቴው ጉዳይም የውጭ ረሃብ ብቻ አልነበረም፤ የአገር ቤቱም የውጭውም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ።

ሱዳን ውስጥ ያያትን አንዲት ልጅ ነገር በሕይወቱ ሙሉ ሲናገር ኖሯል። ቆዳዋ ከአጥንቷ ጋር የተጣበቀ ትንሽ ልጅ ፊቱ ነበረች፤ ስለ እሷ ለመጠየቅ ዞር ብሎ ከአንድ ሰው ጋር ሁለት ቃል ሲለዋወጥ ሞታ ጠበቀችው። ፊቷ በየቀኑ ይመጣብኛል ይል ነበር።

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም፣ ሰኞ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ፑኝዶ የስደተኞች መጠለያ ሲበር አውሮፕላኑ በምዕራብ ኢትዮጵያ ተራራ ላይ ተከሰከሰ። 16 ሰዎች ሞቱ፤ 9 አሜሪካውያን፣ 7 ኢትዮጵያውያን። ሌላንድ 44 ዓመቱ ነበር።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው «የራሷ አሮባት» የምንለው? አስተያየታችሁን እፈልጋለሁ።

የሕግ ተማሪ
መቅደላ፣ እጅሽ ይባረክ። ስለ ኮሚቴው ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ካላወቅን የሰውየውን ድካም በልኩ አናየውም።

በአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት «ልዩ ኮሚቴ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሕግ አርቅቆ ለድምጽ ማቅረብ የማይችል ኮሚቴ ነው። የእርሻ ጉዳይ የእርሻ ኮሚቴ ነው፣ የውጭ እርዳታ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ፣ ገንዘቡ ደግሞ የበጀት መዳቢዎቹ። ለሌላንድ የተሰጠው ሥልጣን ባለሥልጣን ጠርቶ መጠየቅ፣ ምስክር መስማት፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየትና ሪፖርት መጻፍ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ኮሚቴው ቋሚ አይደለም፤ አዲስ ምክር ቤት በመጣ ቁጥር ይቀጥል ዘንድ በድምጽ መታደስ ነበረበት።

እና ምን አደረገ? ምስክር ሰማ። የመንግሥት ሰዎች «የለም» ያሉትን ማስረጃ በመዝገብ ላይ እንዲሰፍር አደረገ። አንድ ነገር በምክር ቤት መዝገብ ከገባ በኋላ የመንግሥት ተወካይ «አላወቅንም ነበር» ማለት አይችልም። ከዚያ ሕግ የማርቀቅ ሥልጣን ያላቸውን ኮሚቴዎች አባላት አንድ በአንድ እየያዘ ወደ ቦታው ይወስዳቸዋል። የ1985ቱ የአፍሪካ ድርቅ እርዳታ እንዲህ ነው የተወለደው፤ ኮንግረሱ ያጸደቀው ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አስተዳደሩ ከጠየቀው በብዙ ይበልጥ ነበር።

እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ የምክር ቤት ሥራ ማለት ሕግ ማውጣት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጥያቄ ራሱ ሥራ እንደሆነ የገባኝ የዚህን ሰው ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ነው።

ገሠሠ ዘ77
ልጆች፣ እኔ ስለ ኮንግረስ ብዙ አላውቅም። በ77 የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከላስታ ተነስተን በእግር ኮረም ስንገባ አምስት ነበርን፤ ከመጠለያው የወጣነው ሁለት ነን።

ትዝ የሚለኝን ልንገራችሁ። ስንዴው የመጣበት ጆንያ ላይ የተጨባበጡ ሁለት እጆች ተስለዋል። ማንበብ አልችልም ነበርና እጆቹን ነው የማየው። እናቴ ጆንያውን ፈትታ ለታናሽ እህቴ ቀሚስ ሰፋችላት፤ እጆቹ ደረቷ ላይ ዋሉ። በዚያው ቀሚስ ነው የተቀበረችው።

ስንዴው ዘግይቶ ነበር የደረሰን። ለእኔና ለእናቴ ግን ደረሰ። ያን ጊዜ ማን እንደላከው ለማወቅ አቅሙም አልነበረን። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው እዚያ ማዶ ቆሞ ለዚያች ጆንያ ሲከራከር እንደነበረ ሳነብ አለቀስኩ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

መቅደላ ማዶ
ጋሼ ገሠሠ፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ይህን ስለነገሩን አመሰግናለሁ።

እውነቱ ይነገር
ጋሼ ገሠሠ የእርስዎን ሐዘን አክብሬ ነው የምጽፈው፤ ቅር እንዳይሉብኝ።

እኔ የትግራይ ልጅ ነኝ። የ77ቱ እርዳታ ሲነሳ መነገር ያለበት ነገር አለ። ድርቁ ብቻውን አይደለም ሰው የፈጀው፤ ጦርነቱ ነው። እህሉ በብዛት የገባው ደርግ በያዛቸው ከተሞች በኩል ነው። የእኔ ዘመዶች በነበሩበት አካባቢ መንገድ ተዘግቶ፣ ገበያ በአውሮፕላን እየተደበደበ፣ ሕዝቡ ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ ወደ ሱዳን ተሰደደ። በዚያው ጊዜ ደርግ እስከ 600 ሺህ የሚደርስ ሰው ወደ ደቡብና ምዕራብ አሰፈረ፤ ብዙው በግድ ነው። ይህን በይፋ የተቃወመው የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ1985 መጨረሻ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከአገር ተባረረ። ሌላንድ ግን ከመንግሥቱ ኃይለማርያም ጋር ተቀምጦ የሚነጋገር ሰው ነበር። ከኩባው ካስትሮም ጋር ወዳጅ ነበር። የገዛ አገሩን መንግሥት የጠየቀውን ያህል መንግሥቱ ኃይለማርያምን ጠይቆታል ወይ? ጥያቄዬ ይህ ነው። በቅን ልቦና ነው የምጠይቀው።

የሕግ ተማሪ
ወንድሜ ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኔ ከሌላ በኩል ልየው። ሬገን «የተራበ ሕጻን ፖለቲካ አያውቅም» ብለው እህል እንዲላክ ፈቀዱ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን የአሜሪካ ሕግ ለኢትዮጵያ የልማት እርዳታ መስጠትን ከልክሎ ነበር፤ ደርግ የአሜሪካውያንን ንብረት ወርሶ ካሳ ባለመክፈሉ። ዱቄት ይፈቀዳል፤ ገበሬው ወደ መሬቱ ተመልሶ ራሱን እንዲችል የሚያደርግ የረጅም ጊዜ ሥራ ግን ይከለከላል። መጠለያ ውስጥ ያለ ሰው ዘርና በሬ ካላገኘ ለዓመቱ እዚያው መጠለያ ነው። ከዋሽንግተንም ከአዲስ አበባም ጋር መነጋገር የግድ የሆነበት ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ በር ዘግቶ የሚያስከፍተው ሰው የለም።

እውነቱ ይነገር
ገብቶኛል። ግን መነጋገርና መጠየቅ ይለያያሉ። ስለ ሰፈራው በአደባባይ ምን ያህል እንደጮኸ ሳላይ «ሁለቱንም እኩል ተጋፈጠ» የሚለውን አልቀበልም። ለወገኖቼ እህል ሱዳን በኩል ያስገቡት ሌሎች ናቸው፤ የእነሱም ስም ይነሳ።

መቅደላ ማዶ
እውነቱ ይነገር፣ «እኩል» የሚል ቃል አልጻፍኩም፤ ጽፌም ቢሆን ኖሮ እሰርዘው ነበር። ሌላንድ የተመረጠው በመንግሥቱ ኃይለማርያም አገር አልነበረም፤ ሊጠይቅ ሥልጣን የነበረው የገዛ አገሩን መንግሥት ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ አልሰነፈም። ስለ ዘመዶችህ ያልከውን ግን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። የ77 ታሪክ የኮረም ብቻ ሆኖ ሲጻፍ ማዶ ያለው ሰው ሁለተኛ ይሞታል። ከቻልክ ስለዚያ ጉዞ ለብቻው ክር ክፈትልን፤ እኔ የመጀመሪያዋ አንባቢ እሆናለሁ።

የፊፍዝ ዋርድ ነዋሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ሂውስተን መኖር ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው፤ ታክሲ ነው የምነዳው። በየቀኑ ወደ ትልቁ ኤርፖርት ስመላለስ የዓለም አቀፉ ተርሚናል በስሙ መጠራቱን አያለሁ፤ መጀመሪያ ሰሞን ግን ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ ጥቁር ሴት ከየት ነህ አሉኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ዝም አሉና «ሚኪ እናንተ ጋ ነው የቀረው» አሉኝ። እስከ ቤታቸው ድረስ ስለ እሱ አወሩኝ፤ መኪናው ከቆመ በኋላም ወሬው አላለቀም።

ከእሳቸው የሰማሁት ለዚህ ክር ይጠቅማል። በዚያ ዘመን ሂውስተን ደህና አልነበረችም። የነዳጅ ዋጋ በ1986 ሲንኮታኮት ከተማዋ ያለችው በነዳጅ ነውና ሥራው ሁሉ አብሮ ወደቀ። ባንክ ተዘጋ፣ ቤት በዕዳ ተወሰደ። ያ ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው ፊፍዝ ዋርድ ነው። «እኛ ሥራ አጥተን እሱ አፍሪካ ምን ይሠራል?» የሚል ሰው በሰፈሩ እንደነበረ ሴትዮዋ አልደበቁኝም። እሳቸውም አንድ ሰሞን ብለውት ነበር። ኮረም ያለ ገበሬ ድምጽ አይሰጠውም፤ ድምጽ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። እሱ ግን አልተወም፤ እነሱም በየሁለት ዓመቱ መረጡት።

የመረጡት ለምን እንደሆነ ሳጣራ ያገኘሁት ይህን ነው። ቤት የሌላቸውን ሰዎች የሚረዳው የመጀመሪያው ሰፊ የፌዴራል ሕግ በ1987 ሲወጣ ከገፉት አንዱ እሱ ነበር። ሕጉ የተሰየመው በዚያው ዓመት ባረፈው ሪፐብሊካን በስቱዋርት ማኪኒ ነው። የጨቅላ ሕጻናትን ሞት የሚከታተል ብሔራዊ ኮሚሽን እንዲቋቋምም ታግሏል፤ በሀብታም አገር ውስጥ የጥቁር ሕጻን ከነጭ ሕጻን ሁለት እጥፍ ሲሞት ዝም የሚባል ነገር አልነበረም።

ከሞተ በኋላ ደግሞ በ1993 በስሙ የተጠራ የሕጻናት ረሃብ ሕግ ወጣ። እኔ እንደ ታክሲ ነጂ የወደድኩት አንቀጽ አለው። ፉድ ስታምፕ ሲሰላ መንግሥት ገቢህን አይቶ ነው የሚሰጥህ፤ ግን ከገቢህ ግማሹን የሚበላው የቤት ኪራይ ቢሆንስ? ያ ገንዘብ እኮ እንጀራ አይገዛም። ቀድሞ ለኪራይ ተብሎ ከገቢህ ላይ ተቀናሽ የሚደረገው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ብቻ ነበር። ሕጉ ያ ጣሪያ ቀስ በቀስ እንዲነሳ አዘዘ። ቁጥር ይመስላል፤ ኪራይ ከፍሎ ባዶ ፍሪጅ የከፈተ ሰው ግን ያውቀዋል። እኔ አውቀዋለሁ። (ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ሳይነሳ በ1996 ሌላ ሕግ መጥቶ አስቀረው። እሱ በሕይወት ቢኖር ዝም የሚል አይመስለኝም።)

ስለዚህ «የራሷ አሮባት» ያለው ወንድማችን ይህን ያንብብልኝ። የራሱንም ድስት ሲያማስል ነበር።

ሰናይት
የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። አመሰግናለሁ።

ባሮ ዳር
እኔ የጋምቤላ ልጅ ነኝ። ብዙ ጊዜ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስለ ፑኝዶ የሚነገረው ስሟ ብቻ ነው፤ ሰውየው ለምን ወደዚያ እንደሄደ አይነገርም።

በ1980 እና በ81 ዓ.ም ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሸ ሰው ጎርፎ ገባ። ከ30 ሺህ በላይ ሰው ነበር ፑኝዶ ላይ፤ ከዚያ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩት እናትም አባትም አብሯቸው የሌለ ወንዶች ልጆች ናቸው። የዲንካ ልጆች፣ የኑዌር ልጆች። በእግር፣ በረሃ አቋርጠው፣ አንበሳና ጥማት ያስቀራቸውን አስቀርቶ የደረሱ። አባቴ ሲደርሱ አይቷቸዋል። ከሽማግሌ የባሰ ዓይን ነበራቸው ይላል፤ መጫወት ረስተዋል። ልጆቹ እዚያ ሆነው ፊደል ተማሩ፤ ጎጆ ራሳቸው ሠሩ። ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም ሲወድቅ ደግሞ እንደገና ሸሹ፤ ጊሎ ወንዝ ሲሞላ የበላቸው ብዙ ናቸው።

ሌላንድ ሊያያቸው የሄደው እነዚህን ነው። ኢትዮጵያ ራሷ ተርባ፣ ከሦስት ወር በፊት በግንቦት 8 የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ከሽፎ አዲስ አበባ ገና በፍርሃት ላይ ሆና፣ እነዚያን ልጆች የሚያስታውስ ብዙ ሰው አልነበረም።

ነሐሴ እኛ አገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደመናው ተራራው ላይ ይተኛል፤ ከፊትህ ያለውን ዛፍ አታይም። አውሮፕላኑ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ትዊን ኦተር ነበር፤ ሁለት ሞተር ያላት ትንሽ፣ በአጭር ሜዳ የምታርፍ። ስድስት ቀን ተፈለገች። አሜሪካና ኢትዮጵያ በዚያ ጊዜ አምባሳደር እንኳ አልተለዋወጡም ነበር፤ ሆኖም የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እንዲፈልጉ ተፈቀደ። ነሐሴ 7 ቀን ስብርባሪው ተገኘ። ከተራራው ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የመታችው ይባላል።

አሁን ለመቅደላ አንድ ቅሬታ አለኝ። በመጀመሪያው ጽሑፍሽ «ሌላንድና አብረውት የነበሩት አሜሪካውያን ሞቱ» ብለሻል። እህቴ፣ 16 ነበሩ። 9 አሜሪካውያን፣ 7 ኢትዮጵያውያን። አብራሪዎቹ የእኛ ልጆች ናቸው። ያችን አውሮፕላን በየሳምንቱ ወደ ዝናብ የሚያስነሱት እነሱ ነበሩ፤ እንግዳ ባይኖርም ይበርሩ ነበር። ስማቸውን ተርሚናል ላይ የጻፈው የለም።

ገሠሠ ዘ77
ባሮ ዳር፣ ልክ ነህ ልጄ። ኮረም ላይም ስንዴውን ያወረደልን፣ ፋፋ እየበጠበጠ በጽዋ ለሕጻናት ያጠጣው የአገራችን ልጅ ነው። ፈረንጁን እናስታውሳለን፤ እነዚህን ግን ማን ይጠራቸዋል?

መቅደላ ማዶ
ባሮ ዳር፣ አፈርኩ። የጻፍኩት ከውጭ ያነበብኩትን ይዤ ነበር፤ በዚያ ጽሑፍ ሰባቱ አንድ መስመር እንኳ አልተሰጣቸውም። እኔም ሳላስተውል ያንኑ ደገምኩት። አሁኑኑ አርመዋለሁ።

የሕግ ተማሪ
ጉዳዩ በሌላንድ ሞት አላበቃምና ይህን ልጨምር። ሊቀመንበርነቱን የኦሃዮው ቶኒ ሆል ተረከበ። በ1993 ምክር ቤቱ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ልዩ ኮሚቴዎችን ሲዘጋ የረሃቡም አብሮ ተዘጋ። ሆል ምን አደረገ መሰላችሁ? በውሃ ብቻ 22 ቀን ጾመ። እኔ ይህን ሳነብ የገረመኝ ጾሙ አይደለም፤ የተዘጋው ኮሚቴ ሕግ የማርቀቅ ሥልጣን እንኳ ያልነበረው መሆኑ ነው። ያ ሰው 22 ቀን የተራበው መጠየቂያ ወንበር እንዳይነሳ ነው። ኮሚቴው አልተመለሰም፤ ግን በዚያ ግፊት በኋላ ሌሎች ስለ ረሃብ የሚሠሩ ተቋማት ተፈጠሩ።

እውነቱ ይነገር
ይህን አላውቅም ነበር። ጥያቄዬን ባልተወውም ክሩን በማንበቤ አልተጸጸትኩም። መቅደላ፣ ያልሽውን ክር በዚህ ሳምንት እከፍታለሁ። አጎቴ ያን ሌሊት ጉዞ ከተጓዙት አንዱ ናቸው፤ ከራሳቸው አንደበት ቀድቼ አመጣዋለሁ።

የፊፍዝ ዋርድ ነዋሪ
ባሮ ዳር፣ ነገ ጠዋት ኤርፖርት ተራ አለኝ። ሰባቱን እያሰብኩ ነው የማልፈው።

ባሮ ዳር
ተባረክ ወንድሜ። የአብራሪዎቹን ወይም የኮሚሽኑን ሠራተኞች ቤተሰብ የሚያውቅ ሰው በዚህ መድረክ ካለ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ በውስጥ መልእክት ይጻፍልኝ። አባቴ በየዓመቱ ነሐሴ 1 ቀን ስለ እነሱ ሻማ ያበራል፤ የማን ልጆች እንደሆኑ ሳያውቅ።